የመንዝ በግና ያልተመራ ማዳቀል፦ የተሻሻለ አውራ ከመውሰድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በሰሜን ሸዋ ዞን ደጋማ ወረዳዎች ገብስ በውርጭ ሲመታ፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ትምህርት ወጪ በአንድ ወቅት ሲደራረብ አርሶ አደሩ አስቀድሞ የሚመለከተው ወደ በጎቹ ነው። በመሆኑም ከደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከአንኮበርና ከመንዝ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚመጡ ተገልጋዮች ቶሎ የሚያድግና ገበያ ላይ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ በግ ለማግኘት «የተሻሻለ አውራ» መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አውራ በግ ወደ መንደር ሲገባ ለባለቤቱ መንጋ ብቻ አይገባም። በወል ግጦሽ ላይ የሚውለውን የጎረቤት መንጋ ሁሉ ይነካል፤ ያስገባው ደምም በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። ይህ ጽሑፍ ማዳቀል በየትኛው ሁኔታ እንደሚጠቅም፣ በየትኛው ሁኔታ ነባሩን የመንዝ በግ ለመጥፋት እንደሚዳርግና ተገልጋዮች ከመወሰናቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

የመንዝ በግ መለያዎች

የኢትዮጵያ በጎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የዘረመልና የአካል ቅርጽ ጥናት በአገሪቱ የሚታወቁትን 14 ነባር የበግ ስብስቦች በ9 ዝርያዎችና በ6 የዝርያ ምድቦች ለይቷቸዋል። የመንዝ በግ አጭር ላት ካላቸው የደጋ በጎች ምድብ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሰሜን፣ ከሰቆጣ፣ ከፋርጣ፣ ከጥቁርና ከወሎ በጎች ጋር ይዛመዳል። መኖሪያው በዋናነት መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ቀያ ገብርኤልና አጎራባች ደጋማ አካባቢዎች ናቸው።

በጉ አነስተኛ አካልና አጫጭር እግሮች፣ ጫፉ ወደ ላይ የሚታጠፍ አጭር ላት እንዲሁም ሰውነቱን የሚሸፍን ሸካራ ጠጉር አለው። አውራዎቹ በአብዛኛው ቀንዳም ናቸው። ሴቶች የሚፈትሉት፣ ወንዶች የሚሸምኑትና የመንዝን ብርድ የሚመክተው ባና የሚሠራው ከዚሁ በግ ጠጉር ነው።

የበጉ ትልቁ ሀብት ግን በዓይን የሚታይ አይደለም። ሣር በሚጠፋባቸው የበጋ ወራት በትንሽ መኖ መቆየት፣ የሌሊት ውርጭን መቋቋም፣ የሆድ ትል በበዛበት እርጥብ ግጦሽ ላይ ግልገል አሳድጎ ማቆየት ይችላል። በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ የመንዝና የሆሮ በጎችን ጎን ለጎን ያነጻጸሩ የረጅም ጊዜ ጥናቶች የመንዝ ግልገሎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ባሕርይ የተገኘው ለብዙ ትውልዶች በዚያው ብርድና በዚያው ግጦሽ ላይ ደካማው እየወደቀ ጠንካራው እየቀረ በመሄዱ ነው። ስለዚህም አንዴ ከጠፋ በጥቂት ዓመታት ሥራ ሊተካ አይችልም።

የውጭ ዝርያዎች አመጣጥ

ነባር በጎችን በውጭ ዝርያ የማሻሻል ሙከራ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ሜሪኖ፣ ራምቡዬ፣ ሮምኒ፣ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየርና ሌሎችም ወደ አገር ገብተዋል። የደብረ ብርሃን የበግ እርባታና ብዜት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም ለዚህ ሥራ ቋሚ መሠረት ሆነ። በመንዝ የሚገኘው የአመድ ጉያ ማዕከልም በኋላ ተጨምሮ ሥራውን አጠናክሯል። ይሁንና ከቀደሙት የውጭ ዝርያዎች አብዛኞቹ በአርሶ አደሩ ዘንድ ተቀባይነት አላገኙም። ላት የሌለው በግ በደጋው ገበያም ሆነ በገበሬው ዓይን እንደ ሙሉ በግ ስለማይቆጠር፣ ዝርያዎቹ ከማዕከላቱ አጥር ብዙም ሳይርቁ ቀሩ።

ሁኔታው የተለወጠው አዋሲ የተባለው ዝርያ ሲመጣ ነው። አዋሲ በመካከለኛው ምሥራቅ የሚረባ፣ ትልቅ ላት፣ ረጅምና የወረዱ ጆሮዎች ያሉት በግ ሲሆን፣ ከእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1984 እና በ1994 ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ላት ያለው በመሆኑና ዲቃላዎቹ ከመንዝ በግ በግልጽ ገዝፈው በመታየታቸው አርሶ አደሩ ወደዳቸው። ማዕከላቱም የመንዝን እናት ከአዋሲ አውራ በማዳቀል 75 በመቶ የአዋሲ ደም ያላቸውን አውራዎች ለረጅም ጊዜ ሲያሰራጩ ቆይተዋል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ለሥጋ ምርት የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካው ዶርፐር ወደ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ገብቶ ከመንዝ በግ ጋር በመዳቀል ተሞክሯል።

የማዳቀል ጥቅምና ወሰኑ

የማዳቀል ጥቅም እውነተኛ መሆኑ ሊካድ አይገባም። መኖ በሚገኝበት፣ የእንስሳት ጤና አገልግሎት ቅርብ በሆነበትና ገበያ በማይርቅበት አካባቢ የአዋሲ ዲቃላ በተመሳሳይ ዕድሜ ካለ የመንዝ በግ የበለጠ ይመዝናል፤ በበዓል ገበያም የተሻለ ዋጋ ያወጣል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚገኙ አንዳንድ መንደሮች ይህ ገቢ የቤተሰብን ኑሮ የለወጠበት ሁኔታ አለ።

ትልቅ አካል ግን ትልቅ ቀለብ ይሻል። የዲቃላው ብልጫ የሚታየው የሚያስፈልገውን ያህል ሲበላ ነው። የገብስ ገለባና የተላጨ የወል ግጦሽ ብቻ ባለበት፣ በየጥቂት ዓመቱ ዝናብ በሚቀርበት የመንዝ ደጋ ያው ዲቃላ ክብደቱን ያጣል፤ በክፉ ቀን ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ይሆናል። አነስተኛው የመንዝ በግ የሚመረጠው በመልካም ዓመት በሚያስገኘው ገንዘብ ተለክቶ ሳይሆን፣ በክፉ ዓመት በሕይወት ተርፎ መንጋውን እንደገና በማቆሙ ነው። ስለሆነም «የትኛው በግ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «የት፣ በምን መኖና በማን እጅ?» ከሚለው ተነጥሎ ምላሽ ሊያገኝ አይችልም።

ነባሩ ደም የሚጠፋበት መንገድ

በማዳቀል የሚደርስ ጥፋት እንደ ድርቅ ወይም እንደ ወረርሽኝ ሬሳ አይተውም። መንጋው በቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ግጦሹ በበጎች ተሞልቶ ይታያል። የሚቀንሰው የመንጋው ማንነት ነው።

ሂደቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 75 በመቶ የአዋሲ ደም ያለው አውራ ከንጹሕ የመንዝ እናት ሲራባ ግልገሏ 37.5 በመቶ የአዋሲ ደም ይኖራታል። ይህች ግልገል አድጋ እንደገና ከ75 በመቶ አውራ ጋር ብትገናኝ ልጇ 56.25 በመቶ ይደርሳል፤ ከንጹሕ የመንዝ አውራ ጋር ብትገናኝ ደግሞ ወደ 18.75 በመቶ ይወርዳል። መዝገብ ባልተያዘበት መንደር እነዚህ ሁሉ በአንድ ግጦሽ ላይ ተቀላቅለው ይውላሉ። 18.75 በመቶ የውጭ ደም ያለው በግ ደግሞ በመልኩ ከመንዝ በግ ብዙ ላይለይ ይችላል። ባለቤቱም ንጹሕ ነው ብሎ ለርቢ ያስቀረዋል፤ ቅልቅሉም ሳይታወቅ ይቀጥላል።

ለዚህ ሁኔታ ዋነኛው መንስኤ የወል ግጦሽ ነው። በደጋው የበጎች ርቢ በአብዛኛው የሚካሄደው በግጦሽ ላይ፣ ያለ ሰው ምርጫ ነው። አንድ አርሶ አደር በራሱ ፈቃድ ዲቃላ አውራ ሲገዛ፣ ማዳቀል ያልፈለጉ ጎረቤቶቹ እናት በጎችም ከዚያው አውራ ያረግዛሉ። የአንዱ ውሳኔ የመንደሩ ሁሉ ውሳኔ ይሆናል።

ሁለተኛው መንስኤ ከመንጋው የሚወጣው ነው። በገና፣ በፋሲካና በመስቀል ገበያ ቀድሞ የሚሸጠው ፈጥኖ ያደገውና ደልደል ያለው ወንድ ግልገል ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ገበያዎች ወደ አዲስ አበባ የሚጫኑት በጎች ውስጥ የመንጋው ምርጦች ይገኛሉ፤ ለርቢ የሚቀሩት ደግሞ ገዢ ያላገኙት ቀጫጮች ናቸው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ነባሩ ዝርያ በራሱ እጅ እየተዳከመ ይሄዳል። ከዚያም «የመንዝ በግ አያድግም» የሚለው ቅሬታ ይበረታል፤ ቅሬታውም ተጨማሪ ዲቃላ አውራ ያስገባል። አንዱ ችግር ሌላውን የሚመግበው በዚህ መንገድ ነው።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዓለም የእንስሳት ዘረመል ሀብት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2015 ባወጣቸው ሁለት ሪፖርቶች፣ ያልተመራ ማዳቀል ነባር ዝርያዎችን ለመጥፋት ከሚዳርጉ ግንባር ቀደም ምክንያቶች መካከል መሆኑን አመልክቷል። የዱር እንስሳትም ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደሉም። በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አንዱ ዝርያ ለዓሣ ማስገር ሲባል ከመኖሪያው ውጭ ሲለቀቅ፣ ከነባሩ የትራውት ዝርያ ጋር ተዳቅሎ በብዙ ቦታ ንጹሑን ዓሣ ወደ ጥቂት የላይኛ ጅረቶች ገፍቶታል። ወንዞቹ ዛሬም ዓሣ አላቸው፤ የጠፋው የወንዙ የራሱ ዓሣ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ ነው። የማሳይ ቀይ በግ የሆድ ትልን በመቋቋም የታወቀ ነባር ዝርያ ሲሆን፣ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ በአርብቶ አደሮቹ መንጋ ውስጥ በስፋት ይገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የዶርፐር አውራዎች በድጎማ ሲሰራጩ፣ ማዳቀሉን እንዴትና እስከ የት መያዝ እንደሚገባ የሚያስረዳ መመሪያና ክትትል አልተከተላቸውም። ብዙ አርብቶ አደሮች ያለማቋረጥ አዳቀሉ፤ ዶርፐር በድርቅና በትል በበዛባቸው አካባቢዎች እንደማይጸና ሲረዱ ወደ ንጹሑ ቀይ በግ መመለስ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ግን ንጹሕ አውራ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

የዶርፐር የራሱ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። ዝርያው በደቡብ አፍሪካ የተፈጠረው የእንግሊዙን ዶርሴት ሆርን ከጥቁር ራሱ የፐርሺያ በግ ጋር በማዳቀል ነው። ስሙ ፐርሺያ ይበል እንጂ ይህ በግ ከአፍሪካ ቀንድ የጥቁር ራስ በጎች ጋር የተዛመደ ነው። ዛሬ እንደ ዘመናዊ ዝርያ ተገዝቶ የሚመጣው በግ ሊፈጠር የቻለው ድርቅንና ሙቀትን የለመደ ነባር ዝርያ ንጹሕ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ነባር ዝርያ ባይኖር የሚዳቀል ነገር አይኖርም ነበር። ይህ ለመንዝም ይሠራል፤ ጥሩ ዲቃላ የሚወለደው ከጥሩ የመንዝ እናት ስለሆነ፣ ንጹሑ መንጋ ከጠፋ ማዳቀሉም መሠረቱን ያጣል።

በደብረ ብርሃን የታየው የጤና ጥያቄ

የአውራ ስርጭት ከደም በተጨማሪ በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ማኤዲ ቪስና የተባለው የበጎች የቫይረስ በሽታ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማዕከላት መንጋዎች ውስጥ በመገኘቱ ዲቃላ አውራዎችን የማሰራጨቱ ሥራ ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ይህ በሽታ ለዓመታት ሳይታወቅ በበጉ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከዚያም ክሳት፣ የመተንፈስ ችግርና የጡት መድረቅ ያስከትላል። ከእናት ወደ ግልገል በእንገርና በወተት፣ በታጎሩ በጎች መካከል ደግሞ በትንፋሽ ይተላለፋል። መከላከያ ክትባትም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መቆጣጠር የሚቻለው በዋናነት በደም ምርመራ የተገኘበትን በግ ከመንጋው በማስወገድ ነው። ስለሆነም የአውራውን የጤና ምርመራ ውጤት መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው፤ መንጋውን የመጠበቅ ግዴታውም ነው።

በነባሩ ዝርያ ውስጥ መሻሻል

ነባር ዝርያን መጠበቅ ማለት በነበረበት ማቆየት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በቪየና በሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ትብብር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። ሥራው የመንዝን፣ የሆሮን፣ የቦንጋንና የአፋርን በጎች ያካተተ ሲሆን፣ በመንዝ የተመረጡት ቦታዎች ሞላሌና መሐል ሜዳ ነበሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ አካባቢ አርሶ አደሮች መንጋቸውን እንደ አንድ መንጋ በመቁጠር የግልገሎቹን ልደት፣ ክብደትና ሞት ይመዘግባሉ። በስድስት ወር ዕድሜ አካባቢ ከተመዘኑት ወንዶች መካከል ምርጦቹ በመዝገቡና በአርሶ አደሮቹ በራሳቸው ዓይን ተገምግመው ለርቢ ይቀራሉ፤ በጋራም ያገለግላሉ። ያልተመረጡት ይቀጠቀጣሉ፤ ሙክት ሆነው ወይም በግልገልነታቸው ይሸጣሉ። በዚህ አሠራር ምርጡ አውራ ለበዓል ገበያ መሄዱ ይቀራል፤ ከውጭ ደም ሳይገባም መንጋው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻሻላል። ለውጡ እንደ ዲቃላ በአንድ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፤ ነገር ግን የብርዱንና የመኖ እጥረቱን መቋቋሚያ ሳያሳጣ ይደመራል።

የሁለቱ መንገዶች ድንበር ሊታወቅ ይገባል። የመኖ አቅርቦትና የገበያ ቅርበት ባለባቸው የደብረ ብርሃን ዙሪያ አካባቢዎች የተመዘገበና የደም ድርሻው የተወሰነ ማዳቀል ቦታ አለው። የዝርያው መፍለቂያ በሆኑት የመንዝ ወረዳዎች ግን ንጹሑን መንጋ በምርጫ ማሻሻል ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። እንደ አንኮበር ባሉ ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት በሚገናኙባቸው ወረዳዎች ውሳኔው እንደ ቀበሌው የአየር ጠባይና የመኖ ሁኔታ ሊለያይ ይችላል።

ተገልጋዮች ከመወሰናቸው በፊት

አንደኛ፣ አውራ የሚፈልግ አርሶ አደር በበጋ ወራት ያለውን መኖና ያለፉትን ክፉ ዓመታት ማሰብ ይኖርበታል። ነባር በጎቹን በበጋ ለማቆየት የሚቸገር ቤተሰብ ዲቃላ ለመቀለብ ይበልጥ ይቸገራል።

ሁለተኛ፣ አውራው ከየት እንደመጣ፣ የውጭ ደም ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የጆሮ ቁጥርና የጤና ምርመራ እንዳለው መጠየቅ ይገባል። ረጅምና የወረደ ጆሮ ወይም ገዘፍ ያለ ላት የአዋሲን ደም ሊጠቁም ይችላል፤ ነጭ ሰውነትና ጥቁር ራስ ደግሞ የዶርፐርን። የመልክ ምልክት አለመታየቱ ግን ለንጽሕና ማረጋገጫ ስለማይሆን መዝገብ የሌለውን አውራ ከገበያ ገዝቶ ለርቢ ማዋል አይመከርም።

ሦስተኛ፣ በወል ግጦሽ የሚጠቀሙ ነዋሪዎች አውራ ከመግባቱ በፊት በጋራ ሊመክሩና ሊስማሙ ይገባል። ለርቢ ያልተፈለጉ ዲቃላ ወንዶች ለርቢ ከመድረሳቸው በፊት ሊቀጠቀጡ ወይም ሊሸጡ ይገባል።

አራተኛ፣ ምርጡን የመንዝ ወንድ ግልገል ለርቢ ማስቀረት ከፍተኛ ትኩረት ይሻል። ይሁንና አውራው ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይራባ ሴት ግልገሎቹ ለርቢ ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ መንጋ አውራ ጋር ሊለዋወጥ ይገባል።

አምስተኛ፣ ከውጭ የመጣ ማንኛውም በግ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ተለይቶ መቆየትና በእንስሳት ጤና ባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

ለዝርዝር ምክር በየቀበሌው ያሉ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የእንስሳት ጤና ተቋማት የቅርብ አገልግሎት ሰጪዎች ናቸው። ከዝርያ ምርምር ጋር ለተያያዙ ጥያቄዎች የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከነባር ዝርያ ጥበቃና ከዘረመል ሀብት አጠቃቀም ጋር ለተያያዙት ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይመለከታቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። የመንዝ በግን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብም ከዚህ ሀብት የሚገኘውን ጥቅም የመካፈል መብት አለው።

የተሻሻለ አውራ መፈለግና የመንዝን በግ መጠበቅ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ዓላማዎች አይደሉም። የሚጋጩት አውራው ያለ መዝገብ፣ ያለ ምርመራና ያለ ጎረቤት ስምምነት ወደ ግጦሹ ሲለቀቅ ነው። ዲቃላ ያልተስማማው አርሶ አደር ነገ ወደ ነባሩ በግ መመለስ የሚችለው ዛሬ ንጹሕ የመንዝ እናትና አውራ ያለው መንጋ በአቅራቢያው ከቆየለት ብቻ ነው።